ፈጣን መረጃ በሚያስተላልፉ ሰርኪዩት ቦርዶች ላይ ስለ ሰዓት ምት ስርጭት፦ ቦርዱ ለምርት ከመላኩ በፊት ሊታወቁ የሚገባቸው ጉዳዮች

ይህ ማብራሪያ የተዘጋጀው ፈጣን መረጃ የሚያስተላልፉ ወይም የሚቀበሉ የኤሌክትሮኒክስ ቦርዶችን ለሚነድፉ የፈጠራ ባለሙያዎች፣ ለአነስተኛ አምራቾች፣ ለዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራዎች እንዲሁም መሰል መሣሪያዎችን ለመግዛት የቴክኒክ መስፈርት ለሚያዘጋጁ የግዥ ሠራተኞች ነው። ዓላማው በቦርዱ ላይ ያሉ ቺፖች ሥራቸውን የሚያቀናጁበት የሰዓት ምት ከምንጩ ተነሥቶ ወደ እያንዳንዱ ተቀባይ ቺፕ ሳይዛነፍ እንዴት እንደሚደርስ ማስረዳት ነው።

ጉዳዩን አስቀድሞ ማወቅ ያስፈለገበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሰዓት ምት ስርጭት ላይ የሚፈጸም የንድፍ ስህተት በሶፍትዌር ማሻሻያ አይታረምም። ቦርዱ ከታተመ በኋላ የመዳብ መስመር ከቦታው አይነሣም፤ በተሳሳተ ንብርብር ላይ የተዘረጋ መስመር ወደ ሌላ ንብርብር አይዛወርም። ባለብዙ ንብርብር ቦርድ በአብዛኛው ከውጭ አገር ታዝዞ የሚመጣ በመሆኑ፣ እንደገና ማሠራት ማለት እንደገና የውጭ ምንዛሪ መጠየቅ፣ እንደገና ሳምንታት መጠበቅ ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው ችግሩ ራሱን በግልጽ አለማሳየቱ ነው። ቦርዱ ኃይል ሲሰጠው ይነሣል፤ ጠዋት በጠረጴዛ ላይ ያለ እንከን ሲሠራ ይውልና ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ ሲሞቅ መረጃ መጣል ይጀምራል። አንዳንዴም ስህተት ጨርሶ አይታይም፤ በ16 ጊጋ ምልክት በሰከንድ መገናኘት የነበረበት መስመር በ8 ተስማምቶ ይቀመጣል፣ ባለቤቱም ያዘዘውን ፍጥነት ግማሽ ብቻ እንዳገኘ ሳያውቅ ይቀራል። ባለሙያዎች ወራት የሚፈጅ የሶፍትዌር ፍተሻ ካካሄዱ በኋላ ጉድለቱ በአንዲት ትንሽ ኦስሌተር ወይም በኃይል አቅርቦቷ ላይ ሆኖ መገኘቱ በዘርፉ የተለመደ ታሪክ ነው።

የሰዓት ምት እና መዛነፉ

በማንኛውም ዲጂታል ቦርድ ላይ የሰዓት ምት ማለት በእኩል የጊዜ ልዩነት ከፍና ዝቅ የሚል የቮልቴጅ ምልክት ነው። ምልክቱ የሚመነጨው በአብዛኛው ከኳርትዝ ክሪስታል ነው። ኳርትዝ ሲጫኑት የኤሌክትሪክ ኃይል የሚያሳይ፣ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ ቅርጹ በጥቂቱ የሚለወጥ ማዕድን ነው፤ ከእነዚህ የመጀመሪያውን ጠባይ የፈረንሳዮቹ የኩሪ ወንድማማቾች በ1880 እ.ኤ.አ. ይፋ አድርገዋል። በተወሰነ ቅርጽና ውፍረት የተቆረጠ ኳርትዝ በአንድ ድግግሞሽ ብቻ አጥብቆ የመርገብገብ ባሕርይ ስላለው ለሰዓት ምት ምንጭነት ተመራጭ ሆኗል።

የሰዓት ምት ሁለት ዓይነት ጉድለት ሊኖረው ይችላል፤ ሁለቱን መለየት ተገቢ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ሙቀጫ በየተራ እህል ሲወቅጡ እናስብ። ሁለቱም ቀስ ብለው ቢወቅጡ ሥራው ይዘገያል እንጂ ዘነዘናዎቹ አይጋጩም፤ ይህ የድግግሞሽ መዛባት ነው። ከሁለቱ አንዱ ግን አንዴ ትንሽ ቀድሞ፣ አንዴ ትንሽ ዘግይቶ ቢመታ በአማካይ ፍጥነታቸው እኩል ቢሆንም እንኳ ዘነዘናዎቹ ይጋጫሉ። እያንዳንዱ ምት ከሚጠበቅበት ቅጽበት ወደፊት ወይም ወደኋላ የሚያፈነግጥበት ይህ ሁለተኛው ጉድለት ጂተር ይባላል። አወቃቀጡ በፈጠነ መጠን ለስህተት የሚተርፈው ጊዜ እንደሚያጥርም ልብ ይሏል።

በፈጣን ቦርድ ላይ ይህ ጊዜ ምን ያህል አጭር እንደሆነ በቁጥር ማየት ይጠቅማል። በኮምፒውተሮችና በሰርቨሮች ውስጥ ቺፖችን የሚያገናኘው ፒሲአይ ኤክስፕረስ የተባለው ደረጃ በሁሉም ትውልዶቹ መሠረታዊ ምቱ 100 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ምትና በሚቀጥለው መካከል 10,000 ፒኮ ሰከንድ አለ። አንድ ፒኮ ሰከንድ የአንድ ሰከንድ አንድ ትሪሊዮንኛ ነው፤ ብርሃን በባዶ ስፍራ በዚህ ጊዜ ውስጥ የሚጓዘው 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ከ10,000 ፒኮ ሰከንድ ውስጥ የአንዱ መዛነፍ ምንም አይመስልም። ሆኖም ቺፑ ይህንን 100 ሜጋ ኸርዝ ተቀብሎ በውስጡ አባዝቶ መረጃ ይልክበታል፤ ሲያባዛ የሚያሳጥረው በምቶች መካከል ያለውን ጊዜ እንጂ መዛነፉን አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛው ትውልድ በሰከንድ 32 ቢሊዮን ምልክቶች ስለሚተላለፉ ለአንድ ምልክት የሚደርሰው ጊዜ 31.25 ፒኮ ሰከንድ ነው። ያው አንድ ፒኮ ሰከንድ አሁን ከ10,000 ሳይሆን ከ31 የሚነሣ ሆነ።

በተጨማሪም የጂተር መጠን አብዛኛውን ጊዜ የሚገለጸው አርኤምኤስ በሚባለው የአማካይ ስሌት ነው። የዘፈቀደ መዛነፍ አንዳንዴ ከአማካዩ በብዙ እጥፍ ይርቃል። ከአንድ ትሪሊዮን ምልክቶች ውስጥ ከአንድ በላይ እንዳይሳሳት ከተፈለገ አማካዩን በ14 ገደማ ማባዛት ያስፈልጋል። ስለዚህ የአማካይ ጂተሩ 1 ፒኮ ሰከንድ የሆነ ምት በተግባር 14 ፒኮ ሰከንድ ያህል ቦታ ይይዛል፤ ከ31.25 ላይ ይህ ሲቀነስ ለመስመሩ፣ ለማገናኛውና ለተቀባዩ የሚቀረው ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ደረጃው በየትውልዱ የሚጠብቀው በዚህ ምክንያት ነው። ለመሠረታዊው ምት የተፈቀደው የአማካይ ጂተር፣ በደረጃው በተደነገገው የማጣሪያ ስሌት ከተጣራ በኋላ፣ በሦስተኛው ትውልድ 1 ፒኮ ሰከንድ፣ በአራተኛው 0.5፣ በአምስተኛው 0.15፣ በ2022 እ.ኤ.አ. በወጣው ስድስተኛው ደግሞ 0.1 ፒኮ ሰከንድ ነው። ለሦስተኛው ትውልድ ተነድፎ ጥሩ የሠራ የሰዓት ክፍል ለአምስተኛው ተገልብጦ ሲወሰድ የማይሠራው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከአናሎግ ወደ ዲጂታል የሚቀይሩ ቺፖችን ለሚጠቀሙ፣ ለምሳሌ የሬዲዮ መቀበያ ወይም የሕክምና ምስል መሣሪያ ለሚነድፉ ተገልጋዮች፣ ጉዳዩ በሌላ መልክ ይመጣል። 14 ቢት ጥራት አለው ተብሎ የተገዛ መቀየሪያ 100 ሜጋ ኸርዝ የሆነ ምልክት ሲለካ የሰዓት ምቱ ጂተር 1 ፒኮ ሰከንድ ከሆነ፣ በስሌት ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛው የምልክትና የጫጫታ ንጽጽር 64 ዲሲቤል ነው፤ ይህም ከ10 ቢት ትንሽ የሚበልጥ ጥራት ማለት ነው። ጂተሩ ወደ 0.1 ፒኮ ሰከንድ ሲወርድ ንጽጽሩ 84 ዲሲቤል ይደርሳል። ለመቀየሪያው ቺፕ ከፍተኛ ዋጋ ከፍሎ ለሰዓት ምቱ ርካሽ ኦስሌተር መምረጥ የተከፈለበትን ጥራት መልሶ እንደመጣል ይቆጠራል።

የጂተር በጀት

የሰዓት ምት ከምንጩ ተነሥቶ በአከፋፋይ ቺፕ፣ በመዳብ መስመርና በማገናኛ አልፎ ይደርሳል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱን መዛነፍ ይጨምርበታል፤ የሚቀንስለት ወደፊት የምናየው አንድ ልዩ ክፍል ብቻ ነው። በመሆኑም የተፈቀደውን ጂተር ልክ እንደ ገንዘብ በጀት ለየክፍሉ መደልደል ይገባል።

ድልደላው ግን ተራ መደመር አይደለም። እርስ በርስ የማይገናኙ የዘፈቀደ መዛነፎች የሚደመሩት እያንዳንዳቸው በራሳቸው ተባዝተው፣ ተደምረው፣ ከድምሩ ካሬ ሥር ተወስዶ ነው። ለምሳሌ ኦስሌተሩ 0.09፣ አከፋፋዩ 0.12 ፒኮ ሰከንድ ቢኖራቸው ድምሩ 0.21 ሳይሆን 0.15 ይሆናል። ይህ ለአምስተኛው ትውልድ የተፈቀደው ልክ ነው፤ ለኃይል አቅርቦት ጫጫታ የተረፈ ምንም የለም። ነዳፊው ገንዘብ ጨምሮ ለማሻሻል ቢያስብ በየትኛው ላይ ያውጣ? የተሻለ ኦስሌተር ገዝቶ 0.09ን ወደ 0.05 ቢያወርድ ድምሩ 0.13 ይሆናል። ኦስሌተሩን ትቶ አከፋፋዩን ወደ 0.04 ቢያወርድ ግን ድምሩ 0.10 ያህል ነው። በዚህ የድምር ሥርዓት ትልቁ ቁጥር ሌሎቹን ስለሚውጥ ወጪው መዋል ያለበት በትልቁ ላይ ነው። ብዙ ነዳፊዎች በተቃራኒው እጅግ ውድ የሆነውን ኦስሌተር መርጠው ከኋላው ማንኛውንም አከፋፋይ ያስቀምጣሉ፤ ይህ በእኛ እምነት በዚህ ክፍል ላይ ከሚታዩት አላስፈላጊ ወጪዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው።

ከምንጩ ወደ ቺፖቹ

ለአንድ ቺፕ ብቻ ምት የሚያስፈልግ ከሆነ ከኦስሌተሩ በቀጥታ መውሰድ ከሁሉ ይሻላል። ቺፖቹ ሲበዙ ሦስት አካሄዶች ይታሰባሉ። አንደኛው አንድ መስመር ዘርግቶ ቺፖቹን በመንገዱ ላይ እንደ ማቆሚያ ፌርማታ መደርደር ነው፤ ለቀርፋፋ ምልክት ይሠራል፣ ለፈጣን ምት ግን እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ምልክቱን መልሶ ስለሚያስተጋባ መወገድ አለበት። ሁለተኛው አከፋፋዮችን ከአከፋፋዮች ኋላ መቀጠል ነው። እያንዳንዳቸው 0.05 ፒኮ ሰከንድ የሚጨምሩ አራት አከፋፋዮች በሰልፍ ቢቀመጡ የመጨረሻው ቺፕ ዘንድ የሚደርሰው ጭማሪ 0.1 ነው። ሦስተኛውና የሚመከረው አንድ ባለብዙ መውጫ አከፋፋይ በቦርዱ መካከል አስቀምጦ ለእያንዳንዱ ቺፕ የራሱን መስመር መስጠት ነው። ያው 0.05 አንድ ጊዜ ብቻ ይከፈላል።

ኤፍፒጂኤ በተባለው ፕሮግራም በሚደረግ ቺፕ የሚሠሩ ተገልጋዮች አንድ ነገር በልዩ ትኩረት እንዲይዙ ይመከራሉ። ቺፑ በውስጡ የሰዓት ምት ማባዣ ስላለው፣ ከዚያ ምት አውጥቶ ለፈጣኑ የመገናኛ ክፍል መልሶ መስጠት አንድ ኦስሌተር የሚቆጥብ ብልሃት ይመስላል። ይሁን እንጂ በቺፑ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ ዑደቶች በአንድ ጊዜ ሲበሩና ሲጠፉ የሚፈጠረው የኃይል መወዛወዝ በዚያ ምት ላይ ያርፋል። ለፈጣኑ መገናኛ የሚሰጠው መሠረታዊ ምት ከውጭ፣ በቀጥታ ወደ ተመደበለት እግር መግባት አለበት።

ከላይ የተጠቀሰው የሚቀንስ ክፍል የጂተር ማጽጃ ይባላል። በውስጡ የራሱ ንጹሕ ኦስሌተር አለው፤ ከውጭ የሚመጣውን ምት በዝግታ ብቻ ይከተላል። ፈጣኑን መዛነፍ ያስቀራል፣ ዘገምተኛውን ግን ያሳልፋል። ስለሆነም ምቱ ከሩቅ፣ ለምሳሌ ከኔትወርክ መስመር ወይም ከሌላ ቦርድ በኬብል ሲመጣ ተገቢ ነው። ጥሩ ኦስሌተር በዚያው ቦርድ ላይ ካለ ግን ማጽጃ መጨመር ወጪንና የራሱን ጂተር ከመጨመር ያለፈ ጥቅም ላይሰጥ ይችላል።

የመዳብ መስመሩ

የሰዓት ምት መስመር ሽቦ ብቻ አይደለም። በተለመደው ኤፍአር-4 በተባለው የቦርድ ማቴሪያል ላይ ምልክት በአንድ ናኖ ሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። የምቱ ጠርዝ በ0.5 ናኖ ሰከንድ የሚነሣ ከሆነ ጠርዙ ራሱ 7.5 ሴንቲ ሜትር ርዝመት አለው ማለት ነው፤ መስመሩ የዚህን አንድ ስድስተኛ፣ ማለትም ከ1 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ካለፈ፣ እንደ ማስተላለፊያ መስመር መታየት ይኖርበታል። በመነሻው፣ በመንገዱና በመድረሻው ላይ ኢምፒዳንሱ ካልተመጣጠነ ምልክቱ ከጫፍ ተመልሶ በሚቀጥለው ጠርዝ ላይ ይደርብና ጠርዙን ከቦታው ያንሸራትተዋል።

ለነጠላ መስመር የተለመደው መፍትሔ ከመነሻው አጠገብ ሬዚስተር ማስቀመጥ ነው፤ የአከፋፋዩ ውስጣዊ ኢምፒዳንስ 17 ኦም ከሆነ 33 ኦም ሲጨመርበት ከ50 ኦም መስመር ጋር ይመጣጠናል። ለፈጣን ምት ግን የሚመረጠው ጥንድ መስመር ነው። በጥንድ መስመር አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል፤ ተቀባዩ የሚያየው ልዩነታቸውን ስለሆነ በሁለቱም ላይ እኩል የሚያርፍ ጫጫታ ይሰረዛል። የጥንድ ምልክት ዓይነቶች ብዙ ናቸው፤ አጨራረሳቸውም ይለያያል። ኤልቪዲኤስ የተባለው በተቀባዩ ጫፍ በሁለቱ መስመሮች መካከል 100 ኦም ይፈልጋል። በፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠራበት ነባሩ ኤችሲኤስኤል ደግሞ እያንዳንዱን መስመር በ50 ኦም ወደ ግራውንድ ይጨርሳል፤ አነስተኛ ኃይል የሚወስደው አዲሱ ዓይነቱ ማጨረሻውን በቺፑ ውስጥ ይዞ ስለሚመጣ በውጭ በኩል ሬዚስተር ቢጨመርለት ምልክቱ ይዳከማል። አንዱን ዓይነት ለሌላው የተዘጋጀ ተቀባይ ላይ በቀጥታ ማገናኘት የተለመደ ስህተት በመሆኑ የሁለቱም ቺፖች የመረጃ ሰነድ ጎን ለጎን ሊነበብ ይገባል።

የጠርዙ ፍጥነትም ከጂተር ጋር ቀጥተኛ ግንኙነት አለው። በጠርዙ ላይ ያለው ጫጫታ 1 ሚሊ ቮልት፣ ጠርዙም በናኖ ሰከንድ 1 ቮልት የሚወጣ ከሆነ የሚፈጠረው መዛነፍ 1 ፒኮ ሰከንድ ነው። ያው ጫጫታ በናኖ ሰከንድ 4 ቮልት በሚወጣ ጠርዝ ላይ 0.25 ፒኮ ሰከንድ ብቻ ያመጣል። ረጅም መስመር፣ ብዙ ቀዳዳና ያልተመጣጠነ ማጨረሻ ጠርዙን ስለሚያዳክሙ፣ ጥሩ ኦስሌተርም ቢሆን ከተቀባዩ ሲደርስ ደካማ ሆኖ ይቀርባል።

በዝርጋታ ጊዜ ከሁሉ በላይ ሊጠበቅ የሚገባው ከመስመሩ ሥር ያለው የግራውንድ ንብርብር ነው። በመስመሩ ላይ የሚሄደው የኤሌክትሪክ ፍሰት በዚያ ንብርብር ላይ፣ ከመስመሩ ትይዩ፣ ይመለሳል። ንብርብሩ ተሰንጥቆ ከሆነ ፍሰቱ ስንጥቁን ዞሮ ለመመለስ ይገደዳል፤ በዚያ ዙሪያ ያለውን ጫጫታ ሁሉ ይዞ ይመጣል። መስመሩ ከአንድ ንብርብር ወደ ሌላ በቀዳዳ ሲሻገርም አጠገቡ የግራውንድ ቀዳዳ ሊኖር ይገባል። ከሌሎች ፈጣን መስመሮች ቢያንስ የመስመሩን ስፋት ሦስት እጥፍ መራቅ፣ የጥንዱን ሁለት መስመሮች ርዝመት ማመሳሰል፣ ለመለኪያ ተብሎ ተንጠልጣይ ቅርንጫፍ አለመተው የተለመዱ ጥንቃቄዎች ናቸው።

እዚህ ላይ መስመሮችን በሙሉ እኩል ለማድረግ በእባብ ቅርጽ ስለማጠማዘዝ አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ይህ የሚያስተካክለው ምቱ ወደተለያዩ ቺፖች የሚደርስበትን ቋሚ የጊዜ ልዩነት እንጂ ጂተርን አይደለም። ቺፖቹ በአንድ ቅጽበት እንዲናበቡ የግድ በማይልበት ንድፍ ላይ ያለ ምክንያት የተጠማዘዘ መስመር ጥቅም የለውም፤ ረዝሞ ጫጫታ ይሰበስባል።

የኃይል አቅርቦት

አብዛኛው ነዳፊ ለመስመሩ የሰጠውን ትኩረት ያህል ለኃይል አቅርቦቱ አይሰጥም፤ ችግሩ ግን በብዛት የሚመጣው ከዚህ ነው። የኦስሌተርና የአከፋፋይ የኃይል እግር ላይ የሚደርስ መወዛወዝ ጠርዙ የሚነሣበትን ቅጽበት ያንቀሳቅሳል። በዛሬ ቦርዶች ላይ ኃይል የሚቀንሱት ክፍሎች በሰከንድ መቶ ሺዎችና ሚሊዮኖች ጊዜ የሚበሩና የሚጠፉ ስለሆኑ፣ መወዛወዛቸው በጂተር መለኪያ ክልል ውስጥ በትክክል ያርፋል። ይህ መዛነፍ የዘፈቀደ ሳይሆን ተደጋጋሚ በመሆኑም ከላይ በተገለጸው የካሬ ስሌት አይለዝብም።

መፍትሔው የሚታወቅና ርካሽ ነው። ለሰዓት ክፍሉ ብቻ የተመደበ፣ ጫጫታው ዝቅተኛ የሆነ ቀጥታ ተቆጣጣሪ ይሰጠዋል፤ ከፊቱ ፌራይት ቢድ፣ ከእያንዳንዱ የኃይል እግር አጠገብም 0.1 ማይክሮ ፋራድ ካፓሲተር ይቀመጣል። አጠገብ ሲባል በቦርዱ ሌላ ጥግ ማለት አይደለም፤ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር ርቀት ማለት ነው። ኦስሌተሩ ከኃይል መቀነሻው ኢንዳክተርና ከሞቃት ቺፕ መራቅ አለበት። ኳርትዝ ለንቅናቄም ስሜታዊ በመሆኑ በማራገቢያ አጠገብ ባይቀመጥ ይመረጣል።

ምቶችን ስለ መቀላቀል

አንዳንድ ነዳፊዎች ወጪ ለመቀነስ ሲሉ አንዱን ምት ለሁሉም አገልግሎት ለማዋል ይሞክራሉ። ይህ ሁልጊዜ የሚቻል አይደለም። በፒሲአይ ኤክስፕረስ የሚሠሩ ቦርዶች በዙሪያቸው ያለውን የሬዲዮ ሞገድ ረብሻ ለመቀነስ የምቱን ድግግሞሽ ሆን ብለው እስከ 0.5 በመቶ ዝቅ እያደረጉ ይመልሱታል፤ ይህም በሰከንድ ከ30,000 እስከ 33,000 ጊዜ የሚደረግ ነው። በአንድ ምት የሚመሩ ሁለት ጫፎች አብረው ስለሚወዛወዙ አይጎዱም። የኢተርኔት መስመር ግን ከ1 ሚሊዮን ከ100 በላይ መዛባት አይፈቅድም፤ 0.5 በመቶ ማለት ከ1 ሚሊዮን 5,000 ነው። በመሆኑም በኢተርኔትም ሆነ በአናሎግ መቀየሪያ ክፍል ላይ እንዲህ የሚወዛወዝ ምት መጠቀም አይቻልም። ለ10 ጊጋ ቢት ኢተርኔት የተለመደው 156.25 ሜጋ ኸርዝ ሲሆን፣ በ66 ሲባዛ 10.3125 ጊጋ ቢት በሰከንድ የሆነውን የመስመሩን ፍጥነት ይሰጣል፤ ለዚህ ለብቻው ኦስሌተር መመደብ ተገቢ ነው።

ስለ መረጃ ሰነዶችና ስለ መለካት

ሁለት አቅራቢዎች ያቀረቡትን ኦስሌተር የሚያወዳድሩ የግዥ ሠራተኞች የጂተሩን ቁጥር ብቻ ማየት የለባቸውም። ቁጥሩ በየትኛው የድግግሞሽ ክልል እንደተለካ ካልታወቀ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። የተለመደው ክልል ከ12 ኪሎ ኸርዝ እስከ 20 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ ጠባብ ክልል የተጠቀመ አምራች ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ቢገኝ አያስደንቅም። በተጨማሪም ሰነዱ የተለመደውን ወይስ ከፍተኛውን መጠን እንደሚናገር መለየት ያስፈልጋል። በጨረታ መስፈርት ላይ ከፍተኛው መጠን፣ የመለኪያ ክልሉና የሙቀት ወሰኑ አብረው ቢጻፉ በኋላ የሚነሣውን ክርክር ያስቀራል።

መለካትን በተመለከተ የራሱ ጂተር 1 ፒኮ ሰከንድ የሆነ ኦስሎስኮፕ የ0.15 ፒኮ ሰከንድን ምት ሊመዝን አይችልም፤ በኩንታል መመዘኛ ወርቅ እንደመመዘን ነው። ትክክለኛው መሣሪያ የፌዝ ጫጫታ መለኪያ ሲሆን፣ ዋጋው ከፍተኛ በመሆኑ በሁሉም ቤተ ሙከራ አይገኝም። መሣሪያው ለሌላቸው አንድ አማራጭ አለ። በዛሬ ኤፍፒጂኤዎች ውስጥ የታወቀ የሙከራ መረጃ ልኮ ስህተት የሚቆጥር ክፍል አብሮ ተሠርቷል። በ10.3125 ጊጋ ቢት መስመር ላይ 3 ትሪሊዮን ቢት ያለ አንድ ስህተት ካለፈ የስህተቱ መጠን ከአንድ ትሪሊዮን ከአንድ እንደማይበልጥ በ95 በመቶ እርግጠኝነት መናገር ይቻላል፤ ይህም የሚፈጀው 5 ደቂቃ ገደማ ነው። ሙከራው ቦርዱ በሣጥኑ ውስጥ ሆኖ፣ ሞቆ፣ ሌሎች ክፍሎችም በሙሉ ኃይላቸው እየሠሩ ሊደረግ ይገባል። ቀዝቃዛና ሥራ ፈት ቦርድ ላይ የተገኘ መልካም ውጤት ስለ ሰዓት ምቱ ብዙም አይናገርም።

ንድፋቸውን ለቴክኒክ ግምገማ የሚያቀርቡ ተገልጋዮች ከሰርኪዩት ሥዕሉ ጋር የሰዓት ምቶችን ምንጭና መድረሻ የሚያሳይ አንድ ገጽ ንድፍ፣ ለየክፍሉ የተደለደለ የጂተር በጀት፣ የኦስሌተሩንና የአከፋፋዩን የመረጃ ሰነድ እንዲሁም የቦርዱን የንብርብር አደራደር ቢያያይዙ ገምጋሚው ተመላልሶ ከመጠየቅ ይድናል። እነዚህ ሰነዶች ቦርዱ ለምርት ከመላኩ በፊት መቅረብ አለባቸው፤ ከታተመ በኋላ የሚቀርብ ንድፍ ላይ የሚሰጠው አስተያየት ለሚቀጥለው ቦርድ ብቻ የሚያገለግል ይሆናል።